የሚያፈስ ነገር

ሥራዬ ማዳመጥ ነው።
ሌሊት፣ ከተማው ሲተኛ፣ የሚያፈስ ቧንቧ ፍለጋ
አንድ ብረት ይዤ እዞራለሁ፣ እስኪነጋ።
አንዱን ጫፍ ከመሬት፣ ሌላውን ከጆሮዬ፣
እንደ ሐኪም ጎንበስ ብዬ
የባሕር ዳርን ሆድ እሰማለሁ።
ውሃ ሲያመልጥ እንዴት እንደሚል ዐውቃለሁ፦
"እስስስ" ይላል፣ እንደ ሐሜት፣
ሁለት ጎረቤት በአጥር እንደሚያወሩት፣ ሌሊት።

ስድስት ዓመቴ ነው እዚህ ከተማ።
ከደብረ ታቦር ተጫምቼው የመጣሁት ጫማ
ሁለቴ ሶል ተቀይሮለታል።
ሰፈሩን በቆጣሪ ቁጥር እንጂ በሰው ስም አላውቀውም፦
ሠላሳ አራት ዜሮ ሰባት፣ ውሻዋ ትናከሳለች፤
ሠላሳ አራት ዜሮ ስምንት፣ "ነገ እከፍላለሁ" ብላ ትምላለች።
ጣናን እንኳ ሳየው
ሒሳብ ያልወጣለት ውሃ ነበር፣ ለዓይኔ።

ሐሙስ ነው፤ ሐምሌ። ዝናቡ አባርቶ፣
ጭቃው በርትቶ፣
በሽምብጥ በኩል ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ
ብረቴን ተከልሁ፤ ጆሮዬን ጣልሁ፤ አንድ
እንግዳ ነገር።
"እስስስ" አይደለም። "ድም" ነው። "ድም-ድ-ድም።"
እንዲህ የሚል ቧንቧ በሥራ ዘመኔ አልገጠመኝም።
ዐሥር እርምጃ ሄጄ ደገምሁት፤ ወፈረ።
ከላዩ ደግሞ ቀጭን ነገር፣ እንደ ክር የሚጎተት፣ ተጨመረ።
መሬት ውስጥ ሰው ያለቅሳል እንዴ?
እግሬ ሄደ፤ ወደኋላ ቢልም ሆዴ።

ከጎሚስታው ጀርባ፣ በተቆለለ ጎማ መሐል
አንድ አምፖል በሽቦ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል።
ከሥሩ አራት ሰው።
ጎሚስታው እንየው፣ ጣቱ ከግራሶ ሳይጸዳ
ማሲንቆውን ከጭኑ አስደግፎ፤
ባጃጅ ነጂው ምንይችል ከበሮውን ታቅፎ፤
ሙጬ፣ ቀን ሰው የሚያሻግረው በታንኳ፣
ዋሽንቱን ይዞ፣ ዓይኑን አይገልጥም እንኳ።
ይታይሽ፣ ዓሣ ጠባሿ፣ ሽርጧን ሳትፈታ
ድምፅዋን አወጣችው፣ ከተረከዟ ተነሥታ፦

"ደንገል ነው ታንኳዬ፣ ይጠጣል ውሃውን፤
ማን ያደርቅልኛል ልቤ የጠጣውን?"

ቆሜ ቀረሁ። ብረቴ እጄ ላይ ከበደኝ።
ያን ጊዜ ነው፣ ከግቢው ጥግ፣ የምፈልገው የታየኝ፦
አንገቱ የተሰነጠቀ ቧንቧ
በተደፋ ጣሳ ላይ ጠብ… ጠብ…
ምንይችልም እሱን እየሰማ፣ በሱ ልክ ይመታል።

"ከውሃ አገልግሎት ነኝ" አልሁ፣ ሲጨርሱ፣ ድምፄ ሰልሎ።
"እስከ ዛሬ ሳትሰማን?" አለ እንየው፣ ከት ብሎ።
"ደንገልን! ሰርግህን ማን ዘፈነልህ ታዲያ?"
"አላገባሁም።"
"እሱስ ገብቶናል" አለች ይታይሽ።

(በማግሥቱ አከራዬን ጠየቅኋት፤ ሣቀች፦
"ደንገል? እኔን የዳሩኝ እነሱ አይደሉ?"
ዳቦ ሻጩም ያውቃቸዋል፣ የትራፊክ ፖሊሱም፣
ውሻዋ የምትናከሰውም ሴትዮ።
ሐሙስ በሐሙስ፣ ስድስት ዓመት።
እኔ ታች ታቹን ሳዳምጥ።)

ቧንቧውን ጠገንሁት። ሥራ ሥራ ነው።
ቴፍሎን ጠመጠምሁ፤ በቁልፍ አጠበቅሁት፤ ጣሳው ዝም አለ።
ቀጣዩን ሲጀምሩ ከበሮው ቀደመ፣ ዋሽንቱ ዘገየ፤
እንየው ደጋኑን አንሥቶ ወደ እኔ አየ፦
"ቆጣሪያችንን ገደልህብን!
በል፣ ቁጭ በል። ውሃው ይል የነበረውን አንተ በል።
አጨብጭብ።"

ጎማ ላይ ተቀመጥሁ። አጨበጨብሁ።
ዘገየሁ፤ ደግሞ ዘገየሁ፤ አንዴ፣ እንጃ እንዴት፣ ልክ ገባሁ፤
ሙጬ ዓይኑን ገለጠ።

ሲነጋ ቅጹን ሞላሁ፦
"ሽምብጥ፣ ከጎሚስታው ጀርባ። ተጠግኗል።"
"የባከነ መጠን" የሚል ሳጥን አለው፣ ከግርጌ።
ብዕሬን አስጠግቼ ስድስት ዓመት ልል ነበር፤
ግን በሜትር ኪዩብ ነው የሚጠይቀው።